ሳያነቡ የሚልኩ ይባረኩ

የጽሑፍ ጥሪ የሚያወጣ ሰው የዋህ ነው። እንደ ጅማ ባለ ከተማ በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ወረቀቱ ከተገኘ፣ የምትታተም ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በቴሌግራም ጥሪ ትለጥፋለች። ልብ ወለድ ከ3,000 ቃላት አይብለጥ፤ በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ኮድ) ይተየብ፤ ፎቶ ከአምስት አይብለጥ፣ በፋይል ይላክ፣ መግለጫ ይኑረው። በቃ፣ ይኸው ነው። ደራሲያችን ግን ከላይ ያለችውን «ሥራዎችን እንቀበላለን» የምትለዋን አንብበው ያቆማሉ። ቀሪውን ማንበብ የተራ ሰው ጣጣ ነው። ታላቅ ደራሲ ይጽፋል እንጂ አያነብም።

ከዚያ 42,000 ቃላት ይልካሉ። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ! ሒሳብ ለሚወድ እነሆ፦ የኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ገጽ በ11 ነጥብ ፊደል ሲሞላ 250 ያህል የአማርኛ ቃላት ይይዛል፤ ልብ ወለዱ 168 ገጽ ሆነ ማለት ነው። ወገቧን በስቴፕለር የምትሰፋ መጽሔት ደግሞ የገጿ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ 48 ገጽ ከሞላች ደልቷታል፣ ከዚያ ብዙ ከወፈረች አልዘጋ ትላለች። «ችግር የለም፣ በክፍል በክፍል ይውጣ» ይላሉ ደራሲያችን በቸርነት። ይውጣ። በየእትሙ 12 ገጽ ቢለቀቅላቸው በ14 እትም፣ በሦስት ዓመት ተኩል ያልቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከአዲስ አበባ ተሳፍሮ ጅማ መናኸሪያ እስኪወርድ 26 ገጽ ስለሚፈጅ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ለአንባቢው ከግማሽ ዓመት በላይ ይሆንበታል። ሰውዬው ጊቤን ሳይሻገር ክረምቱ ይወጣል። ከጽሑፉ ግርጌ ማሳሰቢያ አለች፦ «አንድም ቃል እንዳይነካ።» ማን ደፍሮ ይነካል?

ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ ሌላ በረከት ይጠብቃል። የተተየበው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ስለሆነ፣ ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ገጹ በላቲን ሆሄና በምልክት ይሞላል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ካካተተ (በፈረንጆቹ 1999) ብዙ ዘመን አልፏል፤ ደራሲያችን ግን በየፋሽኑ የሚነዱ ሰው አይደሉም። አዘጋጁ መለወጫ ይፈልጋል፣ ይለውጣል፣ የተለወጠውን ደግሞ መስመር በመስመር ያመሳክራል። ሌላ ምን ሥራ አለው?

በዩኒኮድ የሚተይቡትም ከዚህ አያንሱ። አራት ነጥብ ራሷን የቻለች ምልክት ናት፤ እሳቸው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ መምታት ይመርጣሉ። ስክሪን ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይያዝም። ጉዱ የሚፈላው ጽሑፉ ግራ ቀኙ እኩል ሆኖ ሲደረደር ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት መሆናቸውን ስለሚያውቅ አንዷን መስመሩ ጫፍ ላይ ትቶ ሌላዋን ቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል። አንባቢም ዓረፍተ ነገሩ አለቀ አላለቀ እያለ ይወርዳል። «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ ግን ደቂቃ ለአዘጋጅ እንጂ ለደራሲ ምን ያደርግለታል? ያው ትእዛዝ የጀግናዋን ስም ለማረምም አይረዳ። ገጽ 3 ላይ ፀሐይ፣ ገጽ 9 ላይ ጸሐይ፣ ገጽ 20 ላይ ፀሀይ ናት፤ አንዷ ስትፈለግ ሁለቱ ይደበቃሉ። አንዲት ሴት ወልዶ ሦስት ማሳደግ እንዲህ ያለ ነው።

የፎቶግራፍ ጠቢቦቻችን ግን ይበልጣሉ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ይዘው ጅሬን ኮረብታ ይወጣሉ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ ከሚያነሳበት ቦታ ቆመው ሰው ሁሉ እንደሚያነሳው ያነሳሉ፤ ወግ አክባሪነት ነው፣ አይነቀፍም። 4,000 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ስፋት ያለውን ምስል ከዚያ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልኩታል። ቴሌግራምም በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 አውርዶ ያደርሳል። ለኅትመት በኢንች 300 ፒክስል ሲሰላ ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የኤ5 ሽፋን ቁመት 21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 2,480 ፒክስል ይፈልጋል። በግድ ሲለጠጥ የሰገነቱ እንጨት ሁሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። ሲላክ «ፋይል» የሚለውን መንካት ይበቃ ነበር። ቢነገራቸውም ያንኑ የተጨመቀ ምስል አውርደው፣ በፋይል መልክ መልሰው ይልኩታል። ታዛዥነታቸውን እግዜር ይይላቸው።

የመጽሔቷ የውስጥ ገጽ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ያየ ስለሌለ፣ የሚመጣው ሁሉ የቀለም ድግስ ነው። አንደኛው የቡና ፎቶ ነው፣ የጅማ ሰው ሌላ ምን ይላክ! የበሰለ ቀይ ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል መሐል፣ ለዓይን ማር። ቀለሙ ሲጠፋ ግን ቀዩም አረንጓዴውም ተቀራራቢ ግራጫ ይሆኑና ፍሬው ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የቀረው የማይታወቅ ቁጥቋጦ ነው። አንሺው ስልኩ ላይ ቀለሙን አጥፍቶ አንድ ጊዜ ቢያየው ይገባው ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ለጥበብ አይመችም።

ሌላው የሐሙስ ገበያ ነው። ዘንቢል የተሸከሙ እናት፣ ፊታቸው ሙሉ በሙሉ የሚታይ፣ ከሥሩ መግለጫ የለም። ማን ናቸው? የት? መቼ? ጠይቀዋቸዋል? ይህን መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው። የአንሺው ስምም የለም፤ የቴሌግራም ስሙ የአንበሳ ምስልና ሦስት ቁጥር ነው። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የሠሪውን አለዚያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው ይላል። ስሙን ያልጻፈው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብትሰርቁኝስ?» ብሎ ነው። ለደራሲዎቻችን ሕጉ ይበልጥ ለጋስ ነው፤ አዲስ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ፣ የጥራቱ ደረጃ ሳይታይ ይጠበቃል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የመጽሔት ፖስታ ሳጥን ሳያዩ አልቀሩም።

በላኩ ማግስት «ደረሰ?» ነው። በሦስተኛው ቀን «መቼ ይወጣል?» በሳምንቱ «ክፍያው እንዴት ነው?» የሚለው ይከተላል። በዚህ መሐል ጽሑፉ ለሌሎች አራት መጽሔቶች ተልኳል፤ አንዱ ቀድሞ ቢያወጣው ለቀሩት መንገር ጉራ ይመስላልና ዝም ይባላል። አዘጋጁም የሚያውቀው ገጹን አርሞ፣ ደርድሮ፣ ማተሚያ ቤት ካስገባ በኋላ ነው። አራት ገጽ ይነቀላል፣ ሌላ አራት ገጽ ይፈለጋል።

መጽሔቷ የወጣች ቀን ሁሉም ይመጣሉ። ሃያ ያህሉ ሥራቸው የወጣላቸው ወይም ሊወጣላቸው የሚገባ ናቸው። አንድ ቅጂ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ደራሲያችን የራሳቸውን ገጽ ፈልገው በስልካቸው ያነሱና መጽሔቷን ለቀጣዩ ያቀብላሉ። ሻጩ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር ይቆጥራል፤ አልጎደለም።