10 ሊትር ታንክ ለግራይንደር አይበቃም
አንድ ጽሑፍ የአየር ግራይንደርን፣ ማለትም በታመቀ አየር የሚሽከረከረውን የብረት መቁረጫና መሞረጃ፣ በ10 ሊትር የአየር ታንክ ይዞ መዞር ይቻላል ይላል። እስቲ ስሌቱን እንየው። የታንኩ ግፊት ከ8 ወደ 6 ባር (የግፊት መለኪያ) እስኪወርድ የሚሰጠው 20 ሊትር ያህል አየር ብቻ ነው፤ በደቂቃ 400 ሊትር የሚበላ ሞተር በ3 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚያምቀው ማሽን) ባለበት ይቀመጥ፣ አየር የሚወስደው ጎማ (ቱቦ) ይርዘም። የጎማው የውስጥ ስፋት ግን ከ10 ሚሊሜትር አይነስ፤ አለዚያ ዲስኩ ብረት ሲነካ ጉልበት ያጣል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ፍጥነቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው የፍጥነት መቆጣጠሪያ በጽሑፉ አለመጠቀሱ ነው። የአየር ሞተር ጭነት ሲቀንስለት ፍጥነቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ለ125 ሚሊሜትር መቁረጫ ዲስክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው በደቂቃ 12,200 ዙር ነው። ካለፈ ሊፈነዳ፣ ሰው ሊገድል ይችላል! የመኪና ሞተር ዘይትም አትጨምሩበት፤ ወፍራም ስለሆነ በሮተሩ (በሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል) ቦዮች ውስጥ የሚንሸራተቱትን ስስ ምላሶች ያጣብቃቸውና ሞተሩ አልነሳም ይላል። ቀጭን የአየር መሣሪያ ዘይት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት አራት ጠብታ በአየር መግቢያው።