ቲማቲሙን ከጥምቀት በኋላ ዝሩት

አምና መስከረም ላይ አንድ ዘመዴ ከአውሮፓ ሲመጣ የቲማቲም ዘር ይዞልኝ መጣ። ማሸጊያው ያምራል። ጀርባው ላይ መመሪያ አለው፦ ከመጨረሻው ውርጭ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ ዝሩ፤ ውርጩ ሲያልፍ ችግኙን ወደ ውጭ አውጡ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀበና ነው። የቀበና የመጨረሻ ውርጭ መቼ ነው? የግቢያችንን ሰዎች ብጠይቅ ሳቁብኝ። «ውርጭ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ዝራ» አለኝ አንዱ።

ዝም ብዬ ዘራሁ። ዝናቡ ወጥቷል፣ ፀሐይዋ ደምቃለች፣ አደይ አበባው በየሜዳው ፈንድቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያልዘራ ሰው መቼ ሊዘራ ነው? በእንቁላል ካርቶን ላይ አብቅዬ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ 14 እግር ችግኝ መደብ ላይ አዛወርኩ። ኅዳር ላይ አበቡ። ቢጫ በቢጫ ሆኑ። ደስታዬ ሳምንት አልዘለቀም። አበባው ከአንገቱ እየተቀነጠሰ ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ወድቆ አገኘው ጀመር። ታኅሣሥ ሲጋመስ የያዝኩት ፍሬ ሦስት ነበር። ከሦስቱ አንዷ ሽምብራ ታህል ነበረች።

ውርጭ አልመታቸውም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። የጎዳቸው ብርዱ ብቻ ነው። ቲማቲም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ብዙ ዝቅ እያለ ሲደጋገምበት የአበባው ዱቄት ደህና አይሠራም፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ሰው ለራሱ የሚያስፈልገውን ያውቃል። ቲማቲሙን ግን በዚያው ብርድ አውጥቶ ይተክለዋል።

የማሸጊያው መመሪያ ስህተት የለበትም፤ የተጻፈው ለሌላ ሰማይ ነው እንጂ። እነሱ ጋ ብርዱ በወራት መጥቶ በወራት ይሄዳል። እኛ ጋ ማታ ይመጣና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ በአንድ ቀን ውስጥ በቀትርና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት በወርና በወር መካከል ካለው ይበልጣል። የሚያታልለንም ይኸው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጃኬት አውልቀን ስንሄድ ቲማቲሙም የሞቀው ይመስለናል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ወጥቶ የሚያየው የለም።

እኔ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ከእኛ ግቢ ወደ ወንዙ አርባ ርምጃ ያህል ዝቅ ብለው አንዲት እናት ይኖራሉ። ጓሯቸው ጠባብ ነው፤ ጎመን፣ ድንች፣ ጤና አዳም፣ ትንሽ ቆስጣ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ አጥሩ ጋ ቆመው አየኋቸው። ጎመኑ ላይ ስኳር የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር አርፎበታል። አመዳይ! በመሀል ከተማ! ማታ ስመለስ የድንቹ ቅጠል እሳት የለበለበው መስሎ ጠቁሯል። ጎመኑ ግን ምንም አልሆነም።

ይህ የሆነው እሳቸው ጋ እንጂ እኛ ጋ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ቆርቆሮ አጥር ሥር ይተኛል። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ደግሞ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና የለም፤ ሁሉም ወደ ላይ ይሄዳል። ሊነጋጋ ሲል ከሁሉ የከፋ ይሆናል። እኛ ግቢ ውስጥ የድንጋይ ግንብና ሲሚንቶ አለ። ቀን የሞቀውን ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል።

ስለዚህ ለመላው አዲስ አበባ የሚሆን አንድ የውርጭ ቀን የለም። ከአቃቂ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ለመድረስ 1000 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ነው፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይቀዘቅዛል። ከተማዋ ታችዋ ወይና ደጋ፣ ራስዋ ደጋ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበጋ ስለ ሌሊትና ማለዳ ቅዝቃዜ ያስጠነቅቃል። ጥሩ ነው፣ ስሙት። ግን የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ከሰው ወገብ በላይ፣ ሳጥን ውስጥ ነው። የእናንተ ሰላጣ ያለው መሬት ላይ፣ ሜዳ ላይ ነው። «4 ዲግሪ» ሲባል ቅጠሉ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

እማማን ታዲያ እርስዎ ቲማቲም መቼ ነው የሚዘሩት አልኳቸው።

«ከጥምቀት በፊት ነክቼው አላውቅም፣ ልጄ። መስከረም የጎመን ነው።»

ከዚህ የተሻለ የአዘራር መመሪያ አላነበብኩም። ጥር 11 ካለፈ በኋላ የተዘራ ቲማቲም የካቲት መጨረሻ ላይ ይዛወራል። ያን ጊዜ ሌሊቱ ለዘብ ማለት ጀምሯል፣ የበልግ ዝናብም ከመጣ ይደርስለታል። አበባው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይፈካል፤ እነዚህ ለከተማችን ሞቃቶቹ ወራት ናቸው። ግንቦት ላይ ትለቅማላችሁ፣ የሰኔ ዝናብና የቅጠል በሽታ ሳይደርስ። ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ ዱባ እዚሁ ምድብ ውስጥ ናቸው። ፎሶሊያና ዱባ ችግኝ ሳይሆኑ በቀጥታ መሬት ላይ ስለሚዘሩ ትንሽ ዘግየት ብትሉባቸው አይከፋም።

መስከረምን ለሚችሉት ስጡት። ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት። ሀበሻ ጎመን ነሐሴ ላይ ከተዘራ የነቢያት ጾም ሲገባ ደርሶ ይጠብቃችኋል። ብርድ ያገኘው ጎመን ይጣፍጣልም፤ ተክሉ ቅዝቃዜውን ለመቋቋም ስኳር ያከማቻል።

ድንች ያስቸግራል። ክረምት ላይ የቅጠል በሽታ ይፈጀዋል፣ መስከረም የተተከለው ኅዳር ላይ ለውርጭ ይጋለጣል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋው ያወጣቸው ጉደኔና በለጠ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ፤ ሆለታ ከፍታዋ ከአራት ኪሎ ብዙም ስለማይለይ ለእኛም ይሆናሉ። ውኃ ካላችሁ ግን ጥር መጨረሻ ላይ ብትተክሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ዘንድሮ አንድ የዘር መሸጫ ገብቼ የቃሪያ ዘር አነሳሁና መቼ ልዝራው ብዬ ጠየቅሁ። «ዓመቱን ሙሉ ይሆናል» ተባልኩ። ማሸጊያው በማላውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚል ሥዕል አለው፣ የሌላ አገር መጋቢት። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየኮንዶሚኒየሙ ጓሮና በየትምህርት ቤቱ ግቢ መደብ ሲወጣ እናያለን፣ ደስ ይላል። ግን ችግኝ የሚታደለው ዘመቻው በደረሰበት ወር ነው። ቲማቲሙም ጎመኑም በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና። ያበበው ሲረግፍ ሰዉ «እጄ አይበጅም» ብሎ መደቡን ለአረም ይተወዋል። የሻጩ ድርሻ ብዙ አይደለም፦ ማሸጊያው ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፎ «ደጋ ከሆነ ከጥር መጨረሻ፣ ቆላ ከሆነ ከመስከረም» ብሎ መጻፍ። ሁለት መስመር ነው። ችግኝ የሚያድለውም ቲማቲሙን ለየካቲት ቢያቆየው መኪናው አይሸሽም።

እግረ መንገዴን፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ አትክልቱን ከብርድ ያድነዋል የሚሉ አሉ። ኅዳር ሲታጠን የመጣው ከ1911 ዓ.ም. በሽታ ጋር ነው እንጂ ከቲማቲም ጋር አይደለም። ጭስ የመሬትን ሙቀት አያስቀርም። የሚያስቀረው ልብስ ነው።

ቲማቲማችሁ አሁን መደብ ላይ ከሆነ አትንቀሉት። ቀን ላይ አፈሩን አጠጡት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልብሱት። እንጨት ተክላችሁ፣ አሮጌ አንሶላ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ጣል አድርጉበት፣ ጠርዙ መሬት ይንካ። ፌስታል ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካው ቦታ ላይ ይቃጠላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግለጡት። እማማ ያረጀ ጋቢያቸውን ነው የሚያለብሱት፤ ድንቹ ካለቀባቸው በኋላ ለቆስጣው ማለት ነው።