ለቤት የማይረጨው ጫት

የድሬ ልጆች፣ ስለ ዓሣ ነባሪ ላወራችሁ ነው። ሳቁ። ወንዛችን ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ባሕር የምናውቀው በጅቡቲ ባቡር ወሬ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ አጎቴ ልንገራችሁ። እሱን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ራሴንም።

ባለፈው በጋ ሐረማያ አጠገብ ካለው የጫት ማሳው ሄጄ ነበር። አጎቴ መርጫውን በጀርባው አዝሏል፣ አፉን በሻሽ ሸፍኗል። ጽሑፉ የተፋቀ ከረጢት ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። ምንድን ነው አልኩት። “ዲዲቲ ነዋ! ሌላውማ ትሉን ያወፍረዋል እንጂ አይገድለውም” ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨው። ጓሮው ጋ ሲደርስ ግን አራት መስመር ዘለለ።

“እነሱስ?”

“እነሱ ለቤት ናቸው።”

እንዲህ ነው ያለኝ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

በማግስቱ ጫቱ ተቀነጠሰ፣ ታሰረ። ለእኔ ከጓሮው ሁለት ዙርባ ሰጠኝና “ራስህ ቃማት፣ ለሰው እንዳትሰጥ” አለኝ። ከተረጨው ጋር በአንድ መኪና ተጭኜ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ወረድኩ።

ማታ ሰፈር ስገባ ጎረቤታችን በሯ ላይ ተቀምጣለች። አርባዋ ገና መውጣቱ ነው። ልጇን ጡት አጉርሳ ትቅማለች። እስሩን አየሁት። በቀይ ጨርቅ ብጣሽ የሚያስረው አጎቴ ነው። “ና እንጂ ቅመስ! ዛሬ የገባ ነው፣ አንድ ትል አልነካውም” አለችኝ። በቃኝ አልኳት። ሁለቱ ዙርባ ጃኬቴ ሥር ነበሩ። ቤቴ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ ቃምኩ። መረቀንኩም።

ዓሣ ነባሪዋ የመጣችው በዚያው ምርቃና ነው። ስልኬን ስነካካ ስለ ሉሉ አነበብኩ። ሉሉ በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ላይ ስኮትላንድ፣ ታይሪ ደሴት ዳርቻ ሞታ የተገኘች፣ ኦርካ የሚባለው ዓይነት ዓሣ ነባሪ ናት። የገደላት የአጥማጆች ገመድ ነው። ቢያንስ 20 ዓመቷ ነበር፤ አንድም ጊዜ ወልዳ አታውቅም። ስቧ ሲመረመር በአንድ ኪሎ 957 ሚሊግራም ፒሲቢ ተገኘበት። ጉዳት ይጀምርበታል ከሚባለው ልክ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። መካን ያደረጋት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ፒሲቢ ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል ነው። ብሪታንያ ከከለከለችው ያኔ 30 ዓመት አልፎት ነበር። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ይኸው መርዝ ከዓለም የኦርካ መንጋዎች ከግማሽ የሚበልጡትን ህልውና ያሰጋል ይላል።

ፒሲቢና ዲዲቲ ዘመዳሞች ናቸው። ስብ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቶሎ አይፈርሱም። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፣ ትልቁን ኦርካው፤ መርዙም በየአፉ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ወንዱ እስኪሞት ይሸከመዋል። እናቲቱ ግን ይቀልላታል። በወተቷ ታወጣዋለች። ብዙውን የሚጠባው የመጀመሪያ ልጇ ነው።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩ። የጎረቤታችን ልጅ የበኩር ነው።

ወገኖቼ፣ የእኛ ውኃ ባሕር አይደርስም ብላችሁ አትጽናኑ። ዲዲቲ በሙቀት ይተናል፣ ከንፋስ ጋር ይጓዛል፣ ብርድ አገር ሲደርስ ይወርዳል። በሰሜን ዋልታ ዓሣ ነባሪዎች ስብ ውስጥ የተገኘው እዚያ ጫት የሚረጭ ኖሮ አይደለም። ለሙቀትማ ከድሬ ማን ይበልጣል? ወተቱም ቢሆን የዓሣ ነባሪ ብቻ አይደለም። እዚሁ አገራችን፣ ጅማ አካባቢ፣ የእናቶች ጡት ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል። አገራችን የገባችበት፣ እንዲህ ያሉ ቶሎ የማይፈርሱ መርዞችን የሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን የሚፈቅደው ለወባ ትንኝና መሰሎቿ ብቻ ነው። ለቅጠል አይደለም።

አጎቴ ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አራቱ መስመሮች ማወቁን ይመሰክሩበታል። እኛስ? ትል የቀመሰውን ቅጠል ስናይ ፊታችንን የምናዞር፣ ያብረቅርቅ ብለን ከሻጯ ጋር የምንጨቃጨቅ እኛ አይደለንም? ይኸው አብረቀረቀ። ነጋዴውም ያውቃል። ሲሸተው አፍንጫውን ያዞራል፣ እጁን ግን ለብሩ ይዘረጋል። እኔ ግን ከሁሉም እብሳለሁ። አይቼ፣ አውቄ፣ የራሴን ደብቄ በሯ ላይ አለፍኩ።

ሰሞኑን አጎቴን ደውዬ ተቆጣሁት። “ሁሉም ይረጭ የለ? እኔን ብቻ ነው ያየኸው?” አለኝ። ዝም ተባባልን። ቆይቶ “ትል የበላውን የሚገዛ ሰው አምጣልኝ፣ አልረጭም” አለ። ምናልባት እኔን ለማባረር ነው። ምናልባት ደግሞ የምሩን ነው። አንድ ገዢ አለ፣ እኔ። ሌላ ካለ ይምጣ፣ ቅጠሉ የተበሳሳ ነው፣ ዋጋው ያው ነው።

ለጎረቤታችን እስካሁን አልነገርኳትም። ወራት አለፉ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል፤ ከዓሣ ነባሪዋ ነው ከጃኬቴ? አሁን ይህን ስጽፍ ልጇ ሲያለቅስ ይሰማኛል። መብራቷ አልጠፋም። ልነሣ።