ንብ ይወዳሉ

ጎጃም ውስጥ የምርጫ ቅስቀሳ ከባድ ሥራ ነው። ሰው አልሰማ ብሎ አይደለም። ሰምቶ የሚመልስልህ ነገር ነው ችግሩ። የዋሸራና የዲማ አገር ነው እኮ! ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ገበሬ እንኳ ሰሙን ለእንግዳ አቅርቦ ወርቁን ለቤተሰብ ያስቀምጣል። እንግዳው ሰሙን መዝግቦ ደስ ብሎት ይሄዳል።

መንደራችን ከአማኑኤል ወረድ ብላ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ ሲኬድ። በ1997 እኔ ካርድ ለመውሰድ ሦስት ዓመት ይጎድለኝ ነበር። ክርክሩ በሬዲዮ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ያን ሰሞን ከሱቅ የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት በሰው ይሞላል። ባለቤቱም እንደ ባላባት መሃል ላይ ይቀመጣል።

ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ምልክት ይታተማል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ምልክቱን አይቶ አሻራውን ያሳርፋል። የገዢው ፓርቲ የኢሕአዴግ ንብ ነበረች፤ የተቃዋሚው የቅንጅት ሁለት ጣት።

ጣቱ ጠላ ቤቶችን ክፉኛ አስቸገረ። ድሮ ሁለት ጠላ የፈለገ ሰው ሁለት ጣቱን አውጥቶ ያዛል፤ አለቀ። ያን ሰሞን ግን ጣቱን ከማውጣቱ በፊት ዙሪያውን ይቃኛል። ጥግ ላይ የቀበሌ ሰው ካለ አንድ ያዛል፣ ይጠጣል፣ እንደገና አንድ ያዛል። አንድ ቀን አንዱ ሞቅ ያለው ሰውዬ ረስቶት ሁለት ጣቱን ከፍ ቢያደርግ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እሱ ደንግጦ፣ "ኧረ ለኔና ለአማቼ ነው!" አለ። ማን ይስማው። አማቹም አብሮ ያጨበጭባል።

ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ለቅሶ አያመልጣቸውም። የምርጫ ሰሞን የሞተ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በሕይወቱ ያላወቁት ሰዎች ከልጆቹ በላይ ያለቅሱለታል። አንዱ ከከተማ የመጣ ተወዳዳሪ ድንኳን ገብቶ ደረቱን እየደቃ "አባቴን! አባቴን!" አለ። የሞቱት እማሆይ ነበሩ። ፓርቲውን አልናገርም። ሁሉም ያደርጉታል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ ንብ አናቢ ነው። አንድ ወጣት ካድሬ ደብተሩን ይዞ መጣ። ቀፎዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። እዚህ ቤትስ ድምፁ አልቋል ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

"አባቴ፣ እርስዎማ ንብን ከማንም በላይ ያውቋታል።"

"አሳምሬ ነዋ ልጄ።"

"ታታሪ ናት አይደል?"

"እንዴታ! ንብ የመሰለ ምን አለ! ቀፎው ውስጥ ዝም ብላ ትሠራለች። ማሩን ራሷ ብቻ ልብላ ካለች ግን ትናደፋለች። ያኔ እኛም ኩበት እናጨሳለን።"

"እህ... ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተነሥታ ትሄዳለች።"

አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ቡናው ላይ ላለመሳቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ካድሬው አንገቱን እየነቀነቀ ጻፈ። ስመለስ በትከሻው በኩል አጮልቄ አየሁ። "ንብ ይወዳሉ" ይላል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮበታል። አጎቴም መርቆ ሸኘው፦ "ሂድ ልጄ፣ የልፋትህን ይስጥህ።" ያችንም የመዘገባት ይመስለኛል።

ግንቦት 7 እሁድ ነበር። የአያቴን ዱካ ተሸክሜ ሰልፉ ውስጥ ቆምኩ። እሷ ትቀመጣለች፣ ሰልፉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ትነሣለች፣ ዱካውን አነሣለሁ። እስከ ቀትር እንዲህ ስንነሣና ስንቀመጥ ዋልን። አሻራዋን አሳርፋ ስትወጣ፣ "እማ፣ ማንን መረጥሽ?" አልኳት። "ቀለሙ በሳሙና ይለቃል እንዴ?" አለችኝ።

ድምፁ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ተቆጥሮ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ካድሬው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ወረቀቱን አየው። ከዚያ ደብተሩን እንደያዘ አጎቴ ቤት መጣ። አልተቆጣም፤ አንጀት ይበላ ነበር እንጂ።

"አባቴ፣ ንብ እወዳለሁ ብለውኝ እኮ ጽፌያለሁ።"

"እወዳለሁ እንጂ! አሁንም እወዳለሁ" አለና አጎቴ ጠላ ቀዳለት። "ጭሱን ነው ሳትጽፍ የሄድከው።"