መጋገሩማ ቀላል ነው

ዛሬ ብሶቴን ላውጣ። ከትናንት ጀምሮ እያንገበገበኝ ነው።

ባህር ዳር ውስጥ ካፕኬክ መጋገር ከባድ አይደለም። ዱቄቱም፣ እንቁላሉም፣ ስኳሩም ገበያ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቤኪንግ ፓውደሩን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። አለዚያ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰረጉዳል። እሱን ከለመድኩት ቆየሁ። መብራት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ እጋግራለሁ። እሱም ይቻላል። ያቃተኝ ኬኩን ከቤቴ አውጥቶ ድግሱ ቤት በሰላም ማድረስ ነው!

ትናንት የእህቴ ልጅ 6 ዓመቷን ያዘች። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ከተማው በሙሉ ሰርግና ልደት ላይ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ቅቤና እንቁላል እንደ ልብ ነው። እኔም 24 ካፕኬክ ቃል ገባሁላት። «አክስቴ፣ ቢጫ አበባ ይኑረው» አለችኝ። እያንዳንዱ ላይ በክሬም ቢጫ አበባ ሠራሁ። አንዱ አበባ አምስት ቅጠል አለው። 24 ጊዜ አምስት ቅጠል ስትሠሩ ወገብ ምን እንደሚሆን የሞከረ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የካርቶኑ ነገር። ኬክ ቤቶች የሚሸጡት ካርቶን ለአንድ ትልቅ ቶርታ የተሠራ ነው። ካፕኬክ ስትደረድሩበት እንደ ብይ ይንሸራተታል። እያንዳንዱን ለብቻው የሚይዝ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ፈልጌ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የለም። «ምን ያደርጋል? ያው ኬክ አይደል!» አለኝ አንዱ ባለሱቅ። ወንድሜ፣ ያው አይደለም። ቶርታ ክብደቱ ራሱ ያስቀምጠዋል። ካፕኬክ ታቹ ጠባብ፣ ላዩ ከባድ ነው። ትንሽ ዘመም ካለ ተገለበጠ ማለት ነው።

ቀን 8 ሰዓት ላይ ከቀበሌ 14 ወደ አባይ ማዶ ተነሳሁ። ሙቀቱን የምታውቁት ነው። ቅቤ ያለበት ክሬም ገና ሳይቀልጥ ይላላል፤ አንዴ ከላላ አበባው ቅርጹን አይዝም። ስለዚህ ፈጥኜ መድረስ አለብኝ፣ ግን ቀስ ተብሎ መነዳት አለበት። ባጃጅ አስቁሜ በግልጽ ተነጋገርን። «ወንድሜ፣ ኮንትራት ነው። የሦስቱንም ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ። ኬክ ይዣለሁ፤ ሰው አትጫን፣ ቀስ በልልኝ።» «ችግር የለም እህቴ» አለ። አንዱን ካርቶን አጠገቤ፣ አንዱን እግሬ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

ገና ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ዘንባባዎቹ ሥር ቆመ። ዘምቢል የያዙ እናት ቆመዋል። «እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይላቸው፣ ቅርብ ነው የሚወርዱት።» ምን ልበል? ለእናት ቦታ አልሰጥም አልል። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም። ግን እኔ ለዚያ ወንበር ከፍያለሁ! የከፈልኩት ለመንደላቀቅ አይደለም፣ ኬኩን ለማስቀመጥ ነው። ካርቶኑን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው። ጭን ሜዳ አይደለም። እግሬ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካርቶኑ አብሮ ይዘማል።

አዲሱን ድልድይ ግን አመሰግናለሁ። 380 ሜትር ሙሉ አንድም ነገር ንቅንቅ አላለም። እናትየው ከድልድዩ ማዶ ወረዱና ወደ እህቴ ሰፈር ታጠፍን። ኮብልስቶን። ልጁ ሌላ ሥራ እንዳያመልጠው መሰለኝ፣ ነዳው። «ቀስ በል የኔ ጌታ!» ስል የሞተሩ ድምፅ ዋጠኝ። አንዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ዘለልን። ካርቶኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ለመክፈት እንኳ ፈራሁ።

ደርሼ ስከፍተው አምስት ስድስት አበባ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ አብሮ ተነሳ። ወርቅ የመሰለው ቢጫ ካርቶን ላይ ተደፍጥጦ ቀረ። የቀሩት ጥግ ተሰብስበው አንዱ በሌላው ክሬም ውስጥ ተነክሮ ነበር። ከ24ቱ አበባቸው የተረፈው 15 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 12ቱ እግሬ ሥር የነበሩት ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወለሉ ላይ ያሉት አንድም አልተነኩም።

እህቴ እያጽናናችኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን «ምን ችግር አለው፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ መቀላቀሉ አይቀር» ስትል እንባዬ መጣ። ይህን አባባል እባካችሁ ተዉት። ለሆድ ቢሆን ኖሮ ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ የለፋሁት ልጅቷ አይታ እንድትደሰት ነው። እሷ ደግሞ ካርቶኑን ትክ ብላ አየችና «አክስቴ፣ ማን ረገጣቸው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

የባጃጅ ልጆች፣ እንደምትለፉ አውቃለሁ። ቤንዚኑም፣ የቀን ገቢውም እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። ግን ኮንትራት ካላችሁ ኮንትራት ይሁን። ካልተመቻችሁ መጀመሪያውኑ «አይ» በሉኝ፣ ሌላ እፈልጋለሁ። ካርቶን ለምትሸጡም፣ ቀዳዳ ያለው አምጡ፤ የምንገዛው ብዙ ነን።

እኔ ከእንግዲህ ኬኩን በባዶው፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምወስደው። በትኩሱ ከተዘጋ ይታፈንና ወረቀቱ ይላቀቃል። ሌላ ካርቶን በብርጭቆ አፍ ለክቼ በቢላ እየበሳሁ እሰካዋለሁ። ሥሩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ፣ ቦታው ወለሉ ላይ። ክሬሙን በፌስታል ቋጥሬ ለብቻው እይዝና አበባውን እዚያው ቤት እሠራለሁ።

እሑድ ደግሞ ለክርስትና 40 ካፕኬክ ታዝዣለሁ፣ ያውም እዚያው አባይ ማዶ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ መነሳት እፈልጋለሁ። ቀበሌ 14 አካባቢ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ መንገድ ላይ ሰው የማይጭን ባለባጃጅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። የጠየቀውን እከፍላለሁ።