መደርደሪያው ሞልቶ የሚነበብ ሲጠፋ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ የኮሚክስ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ ታሪኮች፣ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ነበር። አንዱን አወጣለሁ፣ ሁለት ገጽ አያለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ሌላ አወጣለሁ። እሱንም እመልሰዋለሁ። 20 ደቂቃ ያህል እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ባዶ እጄን ወጣሁ። መጽሐፍ ጠፍቶ አይደለም፤ መደርደሪያው ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። ምንም አልጥመኝ አለ እንጂ።

ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ሥራዬ የሌሊት ፓርኪንግ ነው። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ያነጋልኝ ኮሚክስ ነው። ልቦለድ ለዚያ ሥራ አይመችም፤ አንድ ምዕራፍ ሳትጨርሱ መኪና ይመጣል፣ ቲኬት ተቀብላችሁ፣ ሒሳብ ሠርታችሁ ስትመለሱ ሐሳባችሁ ተበትኗል። ኮሚክስ ግን ያቆማችሁበት ሥዕል እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። መቼ እንደጀመረ ባላውቅም ግን የማነሳው ሁሉ ጭድ ጭድ ይለኝ ጀመር።

እዚህ አገር ምርጫው መጨረሻ የለውም። የላይብረሪ ካርድ ካላችሁና ላይብረሪያችሁ የሚያቀርበው ከሆነ ሁፕላ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ኮሚክስ በነፃ መዋስ ትችላላችሁ። ግን ከየት ይጀመራል? ስፓይደርማን በ1962 ነው የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው)፤ እስከ ዛሬ አላለቀም። ደግሞ አንዱ ታሪክ ወደሌላው ይገባል። የያዛችሁት እንዲገባችሁ ሌሎች ሦስት አራት ማንበብ አለባችሁ። ወደ ጃፓኖቹ ማንጋ ስትሄዱ ደግሞ ዋን ፒስ አለ፤ በ1997 ጀምሮ ከ100 ቅጽ አልፏል። የሥራ ባልደረቦቼን “ጥሩ ነገር ጠቁሙኝ” ስላቸው እያንዳንዱ ዝርዝር ላከልኝ። ስልኬ ላይ ከ40 በላይ ርዕስ ተጠራቀመ። እሱን ባየሁ ቁጥር ያልከፈልኩት ዕዳ ይመስለኝ ነበር።

አገር ቤት ልጅ ሆነን የነበረን አንድ ነው። አንድ ብቻ። አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያደግነው፤ የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ሊሴ ገብረ ማርያም የሚማር የጎረቤት ልጅ ቲንቲን የሚባል ሽፋኑ የተገነጠለ ኮሚክስ ነበረው። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። ከእኛ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የለም፤ ልጁም ያኔ ገና አንደኛ ክፍል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን ያነብልናል። ደጃፍ ድንጋዩ ላይ መሀል ይቀመጣል፣ እኛ በግራና በቀኝ እንለጠፍበታለን፣ እሱ ጣቱን ሥዕሉ ላይ እያደረገ በአማርኛ ይተርክልናል። ነጩ ውሻ ቡቺ ነው። ጺማሙ ካፒቴን ሻምበል ነው፤ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ባሕር ላይ የሚንከራተት ሰው። በማግስቱ ሲያነብልን ደግሞ ሚስቱ ሞታለች። “ትናንት ሄደች አላልክም እንዴ?” ስንለው “ትናንት በደንብ አላየሁትም ነበር” ይለናል። ገጾቹ እስኪረግፉ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳነበብነው እንጃ።

አሜሪካ ስመጣ የቲንቲንን 24 አልበሞች በሙሉ ላይብረሪ ውስጥ ተደርድረው አገኘኋቸው። የቤልጅየሙ ኤርዤ ከ1929 ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በተራ፣ በሁለት ሳምንት ጨረስኳቸው። ቆንጆ ናቸው። ግን ያ ሻምበል የወንድሜ ሻምበል አልነበረም፤ ሚስትም የለችውም። መጽሐፉን ዘግቼ የሆነ ነገር እንደጠፋብኝ ተሰማኝ፣ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

ድህነቱን እያሞገስኩ አይደለም። ለአንድ ሰፈር ልጅ አንድ የተቀደደ መጽሐፍ፣ ያውም በማያነበው ቋንቋ፣ ያሳዝናል። አማርኛችን ውስጥ “ኮሚክ” የምንለው የሚያስቅ ሰው ነው፤ በሥዕል ለሚተረክ ታሪክ ሁላችንም የተስማማንበት ስም እንኳ የለንም። በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 “ጀምበር”ን ሲያወጣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው ያሳተመው፤ ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ አሥርና ሃያ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ያሉት የእህቴ ልጆች አሁንም ማንጋ በቴሌግራም እየተቀባበሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚያነቡት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በኅዳር እማዬ ልትጠይቀን መጣች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ሁላችሁም የምታውቁት የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕል ተሰቅሏል። በየምግብ ቤቱ ስላለ ዓይናችን ለምዶት አናየውም። 44 ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው፣ ከዘንዶው ከአርዌ ይጀምርና ታቦተ ጽዮን እስክትመጣ ይሄዳል። ምግቡ እስኪደርስ እማዬ የ7 ዓመቷን ልጄን እጇን ይዛ ተነሳች። ሥዕሉ ስር ቆመው ከመጀመሪያው ሣጥን ጀመሩ። እማዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትተርካለች፣ ልጄ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ ትሰማለች። ንግሥቲቱ ሌሊት ውሃ የምትጠጣበት ጋ ሲደርሱ ልጄ አስቆመቻት።

“ውሃ መጠጣት ምን ጥፋት አለው?”

“ምላ ነበራ! ከቤቴ ምንም አትነኪብኝም ብሎ አስምሏት። ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላት እኮ ሆን ብሎ ነው።”

ምግቡ ቀዘቀዘ፤ እነሱ ገና 44ኛው አልደረሱም። እኔ ቁጭ ብዬ እያየኋቸው ወንድሜና ደጃፍ ድንጋዩ ትዝ አሉኝ። የጠፋብኝ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ለዓመታት ብቻዬን፣ በዝምታ፣ ሌላ ሰው ጽፎ የጨረሰውን ስውጥ ነበር የኖርኩት። እኔ የምጨምርበት ቦታ አልነበረም፣ የሚሰማኝም አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላይብረሪ ተመልሼ “ጭራሽ ቃል የሌለው የሥዕል ታሪክ አላችሁ?” ብዬ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ ሳታመነታ አንድ ትልቅ ቡናማ መጽሐፍ አመጣችልኝ፤ “ዘ አራይቫል” ይባላል። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያወጣው ነው፣ አባቱ ራሳቸው ከማሌዥያ የተሰደዱ ናቸው። ታሪኩ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ሰው አገር ስለሚሄድ አባት ነው። ከርዕሱ ሌላ አንድ የሚነበብ ቃል የለውም። ሰውዬው የሚገባበት ከተማ ምልክቶች ሁሉ በፈጠራ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ እማዬ አታነባቸውም፣ እኔም አላነባቸውም፣ ፈረንጁም አያነባቸውም።

ማታ ሶፋው ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ገጽ 9 ትንንሽ ሣጥኖች አሉት፦ በወረቀት የተሠራች ወፍ፣ ሰዓት፣ ባርኔጣ፣ ድስት፣ የልጅ ሥዕል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ስኒ፣ ሻንጣ፣ የቤተሰብ ፎቶ። እማዬ መነጽሯን አደረገችና አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሻንጣው ጋ ቆመች።

“ስንቅ እንኳ አልያዘም” አለች።

ቀጥላ ገለጠች። ትቶት የሚሄደው ሰፈር ላይ እሾሃም ጅራት ያለው የአንዳች ነገር ጥላ ግድግዳውን ታኮ ሲያልፍ ይታያል። ይሄን ሥዕል ያየ ሰው ጦርነት ነው፣ አፈና ነው ይል ይሆናል። ልጄ ግን ብድግ ብላ “አርዌ ነው!” ብላ ጮኸች። እማዬ “አዎ፣ ይኼማ እሱ ነው። ያልገደሉት ጊዜ ነው ሰው የሚሰደደው” አለች። ያን ማታ በአንድ ሰዓት የሄድነው 4 ገጽ ነው። ብቻዬን ፓርኪንግ ውስጥ ብይዘው መጽሐፉን በሙሉ በ20 ደቂቃ ገላልጬው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አመራረጤ ተለወጠ። ዝርዝሩን ከስልኬ አጠፋሁት። ያ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ማለቂያ የሌላቸውን የጀግና ታሪኮችም ለጊዜው ተውኳቸው። አሁን የምፈልገው ዝግ ያለ፣ ቃሉ ያነሰ፣ ሰው የሚሸት ነው። ጂሮ ታኒጉቺ የሚባል ጃፓናዊ በየሰፈሩ በእግሩ ከመሄድ በቀር ምንም የማያደርግ ሰውዬ ሥሏል፤ እሱን ሌሊት አንድ ምዕራፍ አነብና እዘጋዋለሁ። ቻርለስ ሹልዝ ከ1950 እስከ 2000 “ፒነትስ” የሚባለውን የጋዜጣ ኮሚክስ ያለ ረዳት ሠዓሊ በገዛ እጁ ሲሥል ኖረ፤ ከሱም በቀን አምስት ስድስት በቂዬ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ የማርጌሪት አቡዌን “አያ” እያነበብኩ በአማርኛ እተርክላታለሁ። ታሪኩ በ1970ዎቹ በኮትዲቯሯ ከተማ አቢጃን ውስጥ ነው፤ ወጣቶቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሐሜቱ፣ የእናቶቹ ቁጣ፣ ሁሉም ያደግንበት ሰፈር ነው። ሳነብ ከእናቶቹ አንዷን በጎረቤታችን በእትዬ ድምፅ ካላስመሰልኩላት ባለቤቴ ትቆጣለች። እናንተም ምንም አላነብ ካላችሁ ሌላ ዝርዝር አትፈልጉ፤ አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

እማዬ ጥምቀትን አገሬ ነው የማከብረው ብላ ሳንጨርሰው ሄደች። መጽሐፉን ላይብረሪው ሁለቴ አደሰልኝ። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እንደዋወላለን፣ ልጄ መጽሐፉን ስልኩ ፊት ትይዛለች፣ ኔትወርኩ እየተቆረጠ እማዬ ከዚያ ትተርካለች። “ከፍ አድርጊው፣ አልታየኝም” ትላለች። ያለፈው እሑድ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። የሰውዬው ልጅ አሁን ከተማው ውስጥ ናት፤ ሻንጣ ይዛ ለመጣች አንዲት እንግዳ ሴት በጣቷ መንገድ እያሳየቻት ነው።

“ጎሽ!” አለች እማዬ። “ይኸው አገሩን ለምዳ ለሰው ታሳያለች።”

ከአጠገቧ የሌላ ሰው ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ኖሯል፣ እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው ስልኩን እያዩ ነው።

“እስቲ የኔ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ገልጪልን” አለች እማዬ። “እትዬ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አላዩትም።”