ጣፊያ በቴሌግራም ይዳሰሳል?

የክርክሩ ርዕስ፦ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የሕክምና ትምህርት ወደ ኦንላይን መዞሩ ደግ ተሠራ ወይስ ተበላሸ? ደጋፊዋ ደሴ የምታስተምር የፊዚዮሎጂ መምህርት ናት፤ ተቃዋሚው የኮምቦልቻ የውስጥ ደዌ ሐኪም።

ደጋፊ፦ መጋቢት ላይ ትምህርት ሲቋረጥ ተማሪው ምን ይዞ ይቀመጥ? የአንድ ሰዓት ሌክቸር በሰከንድ 16 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ከተቀዳ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስላይዱ ለብቻው በፒዲኤፍ፣ ሁለቱም በቴሌግራም ይላካሉ፤ ሌሊት ኔትወርኩ ሲለቀቅ ወሎ ገጠር ወግዲም ደላንታም ይወርዳል። በቀጥታ ቪዲዮ ካላስተማርኩ ያለ መምህር ግን ግማሹን ክፍል ገጠር ጥሎ ቀርቷል። የልብ መርመር (ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ) እንኳ ተቀድቶ ደጋግሞ ይሰማል።

ተቃዋሚ፦ መርመር በቴሌግራም! አንቺ ልጅ፣ የሚትራል ስቴኖሲስ፣ የልብ ቫልቭ መጥበብ ማለት ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነው። ታማሚውን በግራ ጎኑ አስተኝተሽ፣ አየር አስወጥተሽ፣ የስቴቶስኮፑን ቤል (ዝቅ ያለ ድምፅ የሚይዘውን ጎን) ለስለስ አድርገሽ ስታስቀምጪው ነው የሚሰማው። ጫን ካልሽው ቆዳው ተወጥሮ እንደ ዲያፍራም (ከፍ ያለ ድምፅ የሚይዘው ጎን) ይሆንና ድምፁ ይጠፋል። የሞባይል ስፒከር ደግሞ ከ300 ኸርትዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ ጉርምርምታው ያለው እዚያው ታች ነው። ጣፊያስ? ዳሰሳው ከቀኝ ታችኛው ሆድ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ግራ ጎድን ይወጣል። ከጎድን ሥር የጀመረ ተማሪ እጁ ያበጠው ጣፊያ ላይ ተቀምጦ ጠርዙን ያጣዋል፤ “አይዳሰስም” ብሎም ይጽፋል። ጣፊያ የሚያሳብጡ ካላ-አዛርና ቢልሃርዚያ ባሉበት አገር!

ደጋፊ፦ አብሽሩ ጋሼ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚባል ነገር ተሠርቷል። ቅጂው በድምፅ መልእክት መልክ ሳይሆን በፋይልነት ከተላከም አይታመቅም። ይልቅ ይህን ይመልሱልኝ፦ ኮሮና ሳይመጣስ ሃያ ተማሪ አንድ አልጋ ሲከብ ጣፊያውን የዳሰሰው ስንቱ ነው? የቀረው የጓደኛውን ግኝት ገልብጦ ሎግቡክ (ተማሪው በእጁ የሠራው የሚመዘገብበትን ደብተር) ያስፈርም የለም እንዴ? ዋርድ (የታማሚዎች ክፍል) በመዋል ሐኪም የሚኮን ቢሆን አስታማሚው ሁሉ ስፔሻሊስት በሆነ ነበር።

ተቃዋሚ፦ የጆሮ ማዳመጫ! ወግዲ ላለው ልጅ ማን ገዝቶለት? ይሁን፣ ገዛ እንበል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ያ 7 ሜጋባይትሽ በምን ወረደ? የእኔ ነገር አጭር ነው፦ በስክሪን ላየው “ሠርቷል” ተብሎ የተፈረመለት ሎግቡክ ካለ ፊርማው ይሰረዝ። ክርክሩ ይኸው ነው።

ደጋፊ፦ ክርክሩ ከመቼ ጀምሮ ፊርማ ሆነ? በዕድሜ ባላከብርዎት ሌላ እል ነበር። ሎግቡክ በስክሪን ይፈረም ያለ ሰው እዚህ የለም። ፕሪክሊኒካሉ፣ ታማሚ ከማየት በፊት ያለው ትምህርት፣ በኦንላይን ይቀጥል፤ ሲ-ዋንና ሲ-ቱ፣ ሆስፒታል የሚማሩት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ክሊኒካል ተማሪዎች፣ በአምስት በአምስት ተከፍለው ዋርድ ይግቡ፣ የዳሰሳውን ቅደም ተከተል በቪዲዮ አይተው ይምጡ፣ አልጋው አጠገብ ጊዜው ለእጅ ብቻ ይዋል ነው የምለው።

ተቃዋሚ፦ አምስት በአምስት ማለት ያው ራውንድ (ታማሚዎችን አልጋ ላይ እየዞሩ ማየት) አራት ጊዜ ይደገማል ማለት ነው። ታማሚው አራት ጊዜ ሆዱን ሲገልጥ ይዋል? አራቱንስ የሚያዞር ሐኪም ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ማስክ፣ በየዳሰሳው የሚለወጥ ጓንት።

ደጋፊ፦ ስለዚህ ያነሰው ሐኪምና ጓንት ነው፤ ይህን ደግሞ ኦንላይን አላመጣውም።

ተቃዋሚ፦ ፊርማውስ? ፊርማውን ዝም አልሽ።